አንቲኦክሲዳንት ተብሎ ስለሚሸጠው ዱቄት እና አጥር ላይ ስለቀረው አጋማችን

ዛሬ ረዘም አድርጌ ነው የጻፍኩት። ቡናው እስኪፈላ ድረስ ታነቡታላችሁ።

ሰሞኑን ቴሌግራም ስከፍት፣ ፌስቡክ ስከፍት አንድ ማስታወቂያ አላስቀምጥ ብሎኛል። በቆርቆሮ የታሸገ፣ ወይን ጠጅ ቀለም ያለው ዱቄት ነው። ላዩ ላይ የብሉቤሪ፣ የጎጂ ቤሪና የአሳይ ሥዕል አለ። ከሥሩ "ከፍተኛ አንቲኦክሲዳንት! ለደም ግፊት፣ ለስኳር፣ ለልብ፣ ለካንሰር፣ ለጨጓራ፣ ለመርሳት፣ ለቆዳ ውበት" ይላል። ሰባት ቆጠርኩ። ዋጋውን ስጠይቅ "ኢንቦክስ" ተባልኩ። ኢንቦክስ ገብቼ ሳየው የአንድ ጀማሪ መምህር የወር ደመወዝ ግማሽ ሊሆን ትንሽ ነው የቀረው። እሱም ለአንድ ወር ብቻ ነው።

ማስታወቂያ ብቻ ቢሆን አልፌው ነበር። እንድጽፍ ያደረጉኝ ሁለት ነገሮች ናቸው።

አንደኛው፣ በሰፈራችን ያሉ አንዲት እናት ናቸው። ለዓመታት የደም ግፊት ክኒን ሲወስዱ ኖረዋል። "ይሄ ተፈጥሯዊ ነው፣ ክኒኑ ኩላሊት ይጎዳል" ተብለው ክኒኑን ትተው ዱቄቱን በጥብጠው መጠጣት ጀመሩ። ሁለት ወር አልሞላቸውም፤ ግፊታቸው ሽቅብ ወጥቶ በሌሊት በባጃጅ ሆስፒታል ተወሰዱ። እግዚአብሔር ይመስገን ተርፈዋል፤ ክኒናቸውንም ጀምረዋል።

ሁለተኛው፣ ዱቄቱን የሸጠችላቸው ልጅ የእኔው ተማሪ የነበረች ናት። ክፉ ልጅ አይደለችም፤ እንዲያውም ከክፍሏ ጎበዞች አንዷ ነበረች። በዲግሪ ተመርቃ ሥራ ፈልጋ ፈልጋ ስታጣ "ከሥርሽ ሁለት ሰው አስገቢ" ወደሚባለው ሥራ ገባች። መንገድ ላይ አግኝቻት ስናወራ "ቲቸር፣ አንቲኦክሲዳንት ጥሩ ነገር አይደለም እንዴ ታዲያ?" አለችኝ። ጥያቄዋ የምር ነበር። መንገድ ላይ ቆሞ የሚመለስ ስላልሆነ እዚህ ልመልሰው። ብዙዎቻችሁ ተመሳሳይ ሥራ ላይ እንዳላችሁም አውቃለሁ።

አጭሩ መልስ ይሄ ነው፦ ፍሬው ጥሩ ነው፤ በፍሬው ስም የሚሸጠው ተስፋ ግን ከፍሬው ጋር አንድ አይደለም። ረጅሙን መልስ እነሆ።

አንቲኦክሲዳንት ማለት ምን ማለት ነው?

ድንች ልጣችሁ ብትተዉት ምን ይሆናል? ይጠቁራል። አቮካዶ ቆርጣችሁ ብታስቀምጡትም እንደዚያው። ጁስ ቤት ያሉ ልጆች ግን አቮካዶው ላይ ሎሚ ጠብ ያደርጉበታል፤ ያኔ ቶሎ አይጠቁርም። የሚያጠቁረው ከአየር ኦክሲጅን ጋር የሚደረግ ምላሽ ነው። ሎሚው ውስጥ ያለው ቫይታሚን ሲ ያንን ያዘገየዋል። አንቲኦክሲዳንት ማለት በቃ ይሄ ነው፤ ኦክሲዴሽንን የሚያዘገይ ነገር።

ሰውነታችን ውስጥም ምግብ ወደ ጉልበት ሲቀየር ፍሪ ራዲካል የሚባሉ፣ ኤሌክትሮን የጎደላቸው፣ አጠገባቸው ካለው ነገር ላይ የሚነጥቁ ሞለኪውሎች ይፈጠራሉ። ሲበዙ ሴሎችን ይጎዳሉ። ዴንሃም ሃርማን የሚባል አሜሪካዊ ሳይንቲስት እ.ኤ.አ. በ1956 "የምናረጀው በእነዚህ ነው" የሚል ንድፈ ሐሳብ አቀረበ። ከዚያ በኋላ ያለውን ሰው ሁሉ በራሱ መንገድ ሞላው፦ ፍሪ ራዲካል ጠላት ከሆነ አንቲኦክሲዳንት መድኃኒት ነው፤ መድኃኒት ከሆነ ደግሞ በበዛ ቁጥር ይሻላል።

ሲሰሙት ልክ ይመስላል። ግን ሰውነት ድንች አይደለም። ነጭ የደም ሴሎቻችን ጀርም የሚገድሉት በእነዚሁ ራዲካሎች ነው። ስፖርት ስንሠራም ጡንቻችን ውስጥ ይፈጠራሉ፤ ጡንቻው ለመጠንከር ምልክት የሚያገኘው በከፊል ከእነሱ ነው። ሰውነት ሚዛን ነው የሚጠብቀው፤ ጨርሶ ማጥፋት አይፈልግም።

ሐሳቡ ተፈተነ፤ ፈተናውን ወደቀ

ሳይንስ ጥሩነቱ፣ ቆንጆ የሚመስለውን ሐሳብ ሳይቀር ይፈትነዋል። ፊንላንድ ውስጥ 29,133 ወንድ አጫሾችን ወስደው ለተወሰኑት በየቀኑ 20 ሚሊግራም ቤታ ካሮቲን ሰጡ። ቤታ ካሮቲን ካሮት ውስጥ ያለው ነው፤ አንቲኦክሲዳንት ነው። ካሮት የሚበሉ ሰዎች በሳንባ ካንሰር ብዙም እንደማይያዙ ስለታየ፣ ክኒኑም ያድናል ተብሎ ተጠበቀ። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ1994 ሲወጣ ግን ክኒኑን የወሰዱት ላይ የሳንባ ካንሰር በ18 በመቶ ጨምሮ ተገኘ። ጨምሮ!

አሜሪካ ውስጥም 18,314 አጫሾች፣ ማጨስ ያቆሙ ሰዎችና ከአስቤስቶስ ጋር የሠሩ ሠራተኞች ላይ ተመሳሳይ ጥናት ይካሄድ ነበር። እዚያም የሳንባ ካንሰሩ በ28 በመቶ ስለጨመረ እ.ኤ.አ. በ1996 ጥናቱ ከቀጠሮው በፊት ተቋረጠ። በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2012፣ 78 ጥናቶችን ከ296,000 በላይ ሰዎች ጋር አንድ ላይ ያየ ግምገማ ወጣ። የአንቲኦክሲዳንት ክኒኖች ዕድሜ ያረዝማሉ የሚል ማስረጃ አላገኘም። ቤታ ካሮቲንና ቫይታሚን ኢ እንዲያውም ሞትን ሳይጨምሩ እንደማይቀሩ አመለከተ።

እዚህ ላይ ቆም በሉ። ካሮት የበሉት ደህና ነበሩ፤ ከካሮት ውስጥ አንዱን ነገር አውጥተው በክኒን የወሰዱት ግን ተጎዱ። ይሄን የማነሳው ለማስፈራራት አይደለም። "ፍሬው ይጠቅማልና ከፍሬው የወጣውም ይጠቅማል" የሚለው አባባል ራሱን ችሎ መረጋገጥ ያለበት ነገር መሆኑን ለማሳየት ነው።

በቁጥር ቢሆን ኖሮ

ሻጮቹ የሚያሳዩት አንድ ሰንጠረዥ አለ። "ኦራክ" ይባላል፤ የትኛው ምግብ በቤተ ሙከራ ዕቃ ውስጥ ምን ያህል ኦክሲዴሽን እንደሚያቆም የሚለካበት ነው። የአሜሪካ የግብርና መሥሪያ ቤት ያን ሰንጠረዥ ድረ ገጹ ላይ አውጥቶት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2012 ግን ራሱ አነሳው። ምክንያቱንም ተናገረ፦ ቁጥሮቹ ምግቡ ሰው ውስጥ ገብቶ የሚያደርገውን አያሳዩም፤ ኩባንያዎችም ለማስታወቂያ ያላግባብ እየተጠቀሙባቸው ነው።

እዚያ ሰንጠረዥ ላይ ቁንጮ የነበሩት ቤሪዎች እንዳይመስሏችሁ። እንደ ቅርንፉድና ቀረፋ ያሉ ቅመሞች ነበሩ። ቡናም ቢሆን በአንቲኦክሲዳንት የታወቀ ነው፤ አሜሪካውያን ከምግባቸው አንቲኦክሲዳንት በብዛት የሚያገኙት ከቡና ነው የሚል ጥናት አለ። እንግዲህ አስቡት፦ ነገሩ በቁጥር ቢሆን ኖሮ፣ ቅርንፉድና ቀረፋ ያለው ሻይ በጠዋት፣ ቡና ከአቦል እስከ በረካ በቀን ሦስት ጊዜ የምንጠጣ እኛ አንታመምም ነበር። የሰፈራችን እናትም ቢያንስ በቡናቸው ይድኑ ነበር።

ሌላም አለ። ሻይና ቡና ውስጥ ያሉት እነዚያው ፖሊፌኖሎች ከጤፍ፣ ከምስርና ከሽሮ የምናገኘውን አይረን ይይዙታል፤ አንጀት በደንብ እንዳይወስደው ያደርጋሉ። ስለዚህ ደም ማነስ ያለባት ሴት ምግብ በልታ ወዲያው ቡና ባትጠጣ፣ አንድ ሰዓት ያህል ብትቆይ ይመከራል። አያችሁ? አንቲኦክሲዳንት የሚለው ስም ብቻውን ጥሩ ወይም መጥፎ አያሰኝም። የት፣ መቼ፣ ስንት፣ ከምን ጋር የሚለው ነው።

ታዲያ ቤሪ አይጠቅምም ማለት ነው?

አይደለም። እዚህ ላይ ነው ከሁለቱም ወገን ጋር የማልስማማው። "ውሸት ነው፣ ሁሉም ንግድ ነው" የሚሉትም ልክ አይደሉም።

አሜሪካ ውስጥ ነርሶችን ለብዙ አሥርት ዓመታት የሚከታተል ትልቅ ጥናት አለ። ከዚያ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣው፣ ሲጀመር ዕድሜያቸው ከ25 እስከ 42 የነበሩ 93,600 ሴቶችን ለ18 ዓመት ተከታትሏል። በሳምንት ሦስት ጊዜና ከዚያ በላይ ብሉቤሪና ስትሮበሪ የሚበሉት፣ ብዙም ከማይበሉት ጋር ሲነጻጸሩ፣ የልብ ድካም የመያዝ ዕድላቸው እስከ አንድ ሦስተኛ ያነሰ ሆኖ ተገኘ። ከዚያ በፊት፣ እ.ኤ.አ. በ2012፣ ከ70 ዓመት በላይ የሆኑ 16,010 ሴቶች ላይ በወጣው ደግሞ፣ ቤሪ አዘውትረው የሚበሉት የማስታወስ ችሎታቸው ሲቀንስ እስከ ሁለት ዓመት ተኩል ዘግይቶ ነበር።

ጥሩ ዜና ነው። ግን ክፍል ውስጥ እንደምለው ቁጥሩን ገልብጣችሁ እዩት። ከ93,600 ሴቶች በ18 ዓመት ውስጥ ልባቸውን የታመሙት 405 ነበሩ። ከ1,000 ሴት ከ5 በታች ማለት ነው። ሴቶቹ ገና ወጣት ነበሩና። "አንድ ሦስተኛ ቀነሰ" የሚለው ከዚያች ከ5 በታች ከሆነች ቁጥር ላይ ነው። ማስታወቂያ ላይ "33 በመቶ" ብቻ ነው የሚጻፈው፤ የምን 33 በመቶ እንደሆነ አይጻፍም። ደግሞም ቤሪ የሚበሉት ሴቶች ብዙ ጊዜ የማያጨሱ፣ ስፖርት የሚሠሩ ናቸው። ተመራማሪዎቹ ይሄን በስሌት ለማስተካከል ሞክረዋል፤ ግን በስሌት ሙሉ በሙሉ አይለይም።

ስለዚህ ሰውን መድቦ የሚፈትን ጥናት ያስፈልጋል። እንግሊዝ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2019 አንድ ወጣ። ዕድሜያቸው ከ50 እስከ 75 የሆኑ፣ ውፍረትና ተያያዥ ችግር ያለባቸው ሰዎች ለስድስት ወር በየቀኑ ብሉቤሪ ወሰዱ። ሌሎቹ መልኩ የሚመሳሰል ግን ቤሪ የሌለበት ዱቄት ተሰጣቸው። እስከ መጨረሻው የዘለቁት 115 ነበሩ። በቀን አንድ ኩባያ፣ 150 ግራም የሚያህል የወሰዱት የደም ሥራቸው የመለጠጥ ችሎታ ተሻሻለ። ግማሽ ኩባያ የወሰዱት ላይ ያ አልታየም። ኢንሱሊን በትክክል የመሥራቱ ነገር ግን አልተሻሻለም። የደም ግፊትም አልቀነሰም።

ይሄን ዓረፍተ ነገር ልድገመው፤ ዱቄት የምትሸጡ ልጆቼ በደንብ አንብቡት። በየቀኑ፣ ስድስት ወር ሙሉ፣ በሚዛን ተለክቶ፣ ንጹሕ ብሉቤሪ ተሰጥቷቸው የደም ግፊታቸው አልቀነሰም። ከጥናቱ ገንዘብ ከፊሉን የሰጠውም የብሉቤሪ አምራቾች ማኅበር ነው፤ ውጤቱን ወደ ክፉ የሚያዳላበት ምክንያት አልነበረውም። እዚያም ፍሬው ደርቆ ተፈጭቶ ነበር የተሰጣቸው፤ ስለዚህ እኔ የምቃወመው መፈጨቱን አይደለም። ያኛው ውስጡ ምን እንዳለ ይታወቅ ነበር፤ ስንት ግራም እንደሆነ ይታወቅ ነበር። እናንተ የምትሸጡት ቆርቆሮ ውስጥ ስንት ግራም ፍሬ፣ ስንት ግራም ስኳር፣ ስንት ግራም ቀለም አለ? የሚያውቅ ካለ ይንገረኝ።

እንዴት ነው የሚሠራው ካላችሁ

ወይን ጠጅና ጥቁር ቀለም የሚሰጠው አንቶሲያኒን የሚባል ነገር ነው። ከምንበላው ወደ ደም የሚገባው እጅግ ጥቂት ነው። አብዛኛው ወደ ትልቁ አንጀት ወርዶ ባክቴሪያዎች ይሰባብሩታል፤ ጥቅሙም በአብዛኛው ከዚያ ስብርባሪ ሳይሆን አይቀርም ይባላል። ስብርባሪው ለደም ሥር የውስጥ ሽፋን ምልክት ይሰጣል፤ የደም ሥሩ እንዲላላ ያግዛል። ማለትም የድንቹና የሎሚው ምሳሌ እዚህ ላይ አይሠራም፤ መንገዱ ሌላ ነው። ፍሬው ውስጥ ደግሞ አሰር አለ፣ ውሃ አለ፣ ቫይታሚን አለ። ከሁሉም በላይ፣ አንድ እፍኝ እንጆሪ የበላ ሰው በዚያ ሰዓት ብስኩትና ለስላሳ አልያዘም።

ጥቅሙ ቀስ እያለ፣ በዓመታት የሚጠራቀም ነው። የሌሊት ድንገተኛ ግፊት የሚያወርድ አይደለም።

የእኛዎቹስ?

በአማርኛ ቤሪዎችን ሁሉ የሚጠቀልል አንድ ስም የለንም። ፍሬዎቹ ግን አሉን። የከተማ ልጅ እንጆሪ ሲባል የሱፐርማርኬቷን ስትሮበሪ ነው የሚያስበው። የገጠር ልጅ ደግሞ ወንዝ ዳር እሾሁ ውስጥ እጁን ከትቶ የሚለቅማትን ያውቃል። ወይና ደጋው ላይ አጋም አለ፤ ሳይበስል ወተት የመሰለ ፈሳሹ ከንፈር ያጣብቃል፣ ሲበስል ጠቁሮ ምላስ ያቀልማል። ደጋው ላይ ቀጋ አለ፤ የዱር ጽጌረዳ ማለት ነው፤ ቀይ ፍሬዋን ከፍተን፣ ውስጧ ያለውን የሚያሳክክ ጸጉርና ዘር ጠርገን ነው የምንበላት። ኮሽምም፣ ዶቅማም አለ።

አጋም ስንል ግን ቶሎ ትዝ የሚለን እሾሁ ነው። "ከአጋም የተጠጋ ቁልቋል ሲያለቅስ ይኖራል" እንላለን። ፍሬውን የሚያመሰግን ተረት ግን አልሰማሁም። የእረኛ ምግብ፣ የልጅ ምግብ፣ የተራበ ሰው ምግብ አድርገን ነው የምናየው። ተማሪዎቼን "አጋም የሚበላ?" ስላቸው ይሳሳቃሉ፤ እጅ የሚያወጣ የለም። ከትምህርት ቤት ሲወጡ ግን ከንፈራቸው ጠቁሮ አያቸዋለሁ።

እንግሊዞች በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ያደረጉትን ልንገራችሁ። የጀርመን ባሕር ሰርጓጅ መርከቦች የንግድ መርከቦችን ሲያሰምጡባቸው ብርቱካን ከውጭ መግባቱ ቀነሰ። ሕፃናት ቫይታሚን ሲ እንዳያጡ ተሰጋ። እ.ኤ.አ. ከ1941 ጀምሮ መንግሥታቸው የትምህርት ቤት ልጆችንና እናቶችን አስተባብሮ ከየአጥሩ የዱር ጽጌረዳ ፍሬ አስለቀመ። በመቶዎች የሚቆጠር ቶን ተለቀመ፤ ጸጉሩ ተጣርቶ ሽሮፕ ተሠራና ለሕፃናት ተሰጠ። የጽጌረዳ ፍሬ ቫይታሚን ሲ ከብርቱካን በብዙ እጥፍ እንደሚበልጥ ስላወቁ ነው። የለቀሙት የቀጋችንን ዘመድ ነው። እኛ ደግሞ ቀጋውን ለማገዶ ቆርጠን፣ ከባሕር ማዶ የመጣ ቫይታሚን ሲ በፋርማሲ እንገዛለን። በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል ማለት ይሄ ነው።

ቫይታሚን ሲ ለእኛ ለየት ያለ ጥቅም አለው። ከእህልና ከጥራጥሬ የሚገኘውን አይረን አንጀት በደንብ እንዲወስደው ያግዛል። ቡናው የሚይዘውን ይሄ ይለቀዋል በሉት። እንጀራ በሽሮ፣ እንጀራ በምስር ለሚበላ ሕዝብ፣ በተለይ በጾም ወራት፣ ከምግቡ ጋር አንድ ቀጋ፣ አንድ ብርቱካን፣ ወይም ሰላጣው ላይ ሎሚ መጭመቅ ብዙ ነው። ይሄ የታወቀና የተፈተነ ነገር ነው፤ ማንም ግን በቆርቆሮ አሽጎ ማስታወቂያ አይሠራለትም።

እውነቱን ለመናገር፣ ትልልቆቹ ጥናቶች የተሠሩት በብሉቤሪና በስትሮበሪ እንጂ በአጋም አይደለም። ስለዚህ "አጋም ልብ ያድናል" አልላችሁም፤ ያንን ካልኩ እኔም ቆርቆሮ ሻጭ ሆንኩ ማለት ነው። የምለው፣ ቀለሙን የሚሰጠው ነገር ከዚያው ወገን ነው፣ ፍሬ ነው፣ አሰር አለው፣ ደጃችን ላይ ነው፣ ዋጋው ደግሞ ከዱቄቱ ጋር ስሙ አይጠራም።

ፍሬ ደግሞ በጣም ጎድሎብናል። የዓለም ጤና ድርጅት በቀን ቢያንስ 400 ግራም ፍራፍሬና አትክልት ብሉ ይላል። እ.ኤ.አ. በ2015 በአገራችን በተደረገው የዳሰሳ ጥናት ከ100 አዋቂዎች ከ95 በላይ የሚሆኑት እዚያ አይደርሱም። ችግራችን አንቲኦክሲዳንት ማነሱ አይደለም፤ ፍሬና ቅጠል አለመብላታችን ነው።

እንግዲህ የምለውን ልበል

ለምትሸጡ ልጆቼ፦ ሥራ ማጣት ምን እንደሆነ አውቃለሁ፤ አልፈርድባችሁም። መሸጥ ካለባችሁ "ምግብ ነው" ብላችሁ ሽጡ። ግን አንድ ነገር በእኔ ይሁንባችሁ፦ ማንንም ሰው "መድኃኒትህን ተው" አትበሉ። "ከክኒኑ ጋር ውሰድ፣ ሐኪምህንም ጠይቅ" ማለት ሽያጭ ያሳጣችሁ ይሆናል፤ ሰው ግን አያሳጣችሁም። የደም ግፊት ሕመም አይሰማም። ክኒኑን የተወ ሰው ለሳምንታት "እንዲያውም ተሻለኝ" ሊላችሁ ይችላል። ያ ምስክርነት ማስታወቂያ ላይ ይወጣል፤ ሆስፒታል የገባው ግን ማስታወቂያ ላይ አይወጣም። ይሄን ክፍል ውስጥ ስለ ናሙና ስንማር ያወራነው ነው፤ የተረፉትን ብቻ የሚቆጥር ሰው ሁልጊዜ ትርፋማ ይመስለዋል።

ለምትገዙ፦ በዚያ ገንዘብ ለቤተሰብ ሙሉ ለወር ፓፓያ፣ ብርቱካን፣ ጎመን፣ ካሮት፣ ቀይ ሥር ይገዛል። ያ ወይን ጠጅ ቀለም የግድ ካማራችሁ ቀይ ሽንኩርት ውስጥም አንቶሲያኒን አለ። ወጥ ሳይሠራ ውሎ የሚያድር ቤት ካለ ንገሩኝ! እንጆሪም ሆነ አጋም ስታገኙ አጥባችሁ፣ እንዳለ ብሉት፤ ስኳር ጨምሮ ጁስ ማድረግ ጥቅሙን በስኳር መሸፈን ነው። ስኳር ሕመም ያለባችሁ መጠኑን ከሐኪማችሁ ጋር ተነጋገሩበት። ግፊታችሁን ደግሞ ተለኩ፤ ጤና ጣቢያ ሁለት ደቂቃ ነው የሚፈጀው።

ለወላጆች፦ ልጃችሁ አጋም በልቶ ቢመጣ አትቆጡት። የማያውቀውን ፍሬ እንዳይነካ ግን አስተምሩት። እንቧይ መርዝ ነው፤ እንዶድም ፍሬ ነው፣ ግን ልብስ እንጂ ሆድ አይታጠብበትም። መድኃኒት የተረጨበት ማሳ ዳር ያለውን እንዳይለቅምም ንገሩት።

ለሥራ ባልደረቦቼና ለትምህርት ቤቶች፦ በየክረምቱ ችግኝ እንተክላለን። አብዛኛውን ጊዜ ባሕር ዛፍና ግራቪሊያ ነው። በዚህ ዓመት የግቢያችንን አጥር ዙሪያ አጋምና ቀጋ ብንተክልስ? አጋም ከብት የማያልፈው አጥር ነው፤ ንብ ይስባል፤ ፍሬውን ልጆቹ ይበሉታል። አንድ ክፍለ ጊዜ ባዮሎጂም እዚያው አጥሩ ሥር ይሰጣል። እኔ ለትምህርት ቤታችን ክበብ ሐሳቡን አቅርቤያለሁ፤ ዘር የሚያመጡ ሁለት ተማሪዎችም ተገኝተዋል።

ለዚያች ተማሪዬም መልሴ ይሄው ነው፦ አዎ፣ ፍሬ ጥሩ ነገር ነው። አንቲኦክሲዳንት የሚለው ቃል ግን ክኒን አይተካም፤ የማያውቁትን ቆርቆሮም አያስከፍትም። ጎበዝ ልጅ ነበርሽ፤ አሁንም ነሽ። ቀጥሎ ለምታገኚያቸው እናት ይሄን ንገሪልኝ።

በአካባቢያችሁ የሚበሉ የዱር ፍሬዎች ምን ምን አሉ? ስማቸውንና መቼ እንደሚበስሉ ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ፤ ለክበባችን እሰበስበዋለሁ። መድኃኒቱን ትቶ ዱቄት የያዘ ሰው የምታውቁ ከሆነ ደግሞ ይሄን ጽሑፍ ከመላክ በፊት ሄዳችሁ አነጋግሩት፤ አብራችሁትም ጤና ጣቢያ ሂዱ።

ቸር ያሰማን።